እናንተ ባትኖሩ ጦርነቱ መቼ ይጀመር ነበር?

ይህችን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ሦስተኛውን የዓለም ጦርነት በየሳምንቱ አስጀምራችሁ፣ ቅዳሜና እሁድ አሳርፋችሁ፣ ሰኞ ጠዋት እንደገና ለምታስነሱልን የፌስቡክና የዩቲዩብ ጄኔራሎች። ውለታችሁ በዝቶብኛል። እኔ በበኩሌ በእናንተ ተማምኜ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ዓለም በምታልቅበት ሳምንት ጥርስ ማስነቀል ምን ይረባል?

ሥራችሁን የሚያቃልል ሰው አጋጥሞኛል። «ቀይ ቀስት ያለበት ካርታ፣ የሚያስበረግግ ሙዚቃ፣ ከላይ ‹ሰበር› የሚል ጽሑፍ፣ አለቀ» ይላል። ምቀኛ! ትናንት የወረርሽኝ ሐኪም የነበረ ሰው ዛሬ የሚሳይል መሐንዲስ፣ ነገ ደግሞ የባሕር ሕግ ጠበቃ መሆን እንዲህ ቀላል ነው? ሌላው ለአንዱ ብቻ ዓመታት ይማራል። እናንተ ለሦስቱም አንድ ሌሊት ይበቃችኋል፤ እሱንም ግማሹን ተኝታችሁበት።

ከሁሉ የምወደው ፍጥነታችሁን ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 2022ን አስታውሱ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጦርነቱ የፈረንጅ ስለሆነ)። ፖላንድ ውስጥ፣ ከዩክሬን ድንበር አጠገብ፣ ፕሼቮዱፍ የምትባል መንደር ላይ ሚሳይል ወድቆ ሁለት ሰዎች ሞቱ። የፖላንድ መንግሥት ገና እየተሰበሰበ ነበር። እናንተ ግን ጨርሳችሁ ነበር፦ «ሩሲያ ኔቶን መታች! አንቀጽ 5!» (የምዕራባውያኑ የጦር ቃል ኪዳን የኔቶ ውል ውስጥ «አንዱን አባል የመታ ሁሉንም እንደመታ ይቆጠራል» የሚለው አንቀጽ መሆኑ ነው።) እኔም ሳላመነታ በእኩለ ሌሊት ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ሼር አደረግኩ። አንዷ አክስቴ እስኪነጋ አልተኛችም።

በማግሥቱ የፖላንድ ፕሬዚዳንትም የኔቶ ዋና ጸሐፊም ሌላ ነገር ይዘው መጡ። ሚሳይሉ ሩሲያ በዚያን ቀን ያዘነበችውን ጥቃት ለመመከት ከዩክሬን የተተኮሰ የአየር መከላከያ ሳይሆን አይቀርም አሉ። እናንተ ለዚህ መልስ አልሰጣችሁም። ለምን ትሰጣላችሁ? በዚያ ሰዓት ታይዋን ደርሳችሁ ነበር። እኔም ለአክስቴ ማስተባበያውን አልላክሁላትም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ተረት እናንተን አይመለከትም። እናንተ ታፈሳላችሁ፤ መልቀሙ የሌላ ሰው ሥራ ነው።

ስለ አንቀጽ 5 አንድ ነገር ላንሳ፤ እንዳትቀየሙኝ። የኔቶ ውል በ1949 ከተፈረመ ወዲህ ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ የዋለው አንዴ ብቻ ነው፣ አሜሪካ በ2001 ሴፕቴምበር 11 ከተጠቃች በኋላ። በእናንተ ገጽ ላይ ግን በዚያች አንዲት ማታ ብቻ ስንቴ እንደተጠራ ቆጥሬ አልዘለቅኩትም። ደግሞ አንቀጹን ያነበበ ሰው፣ እያንዳንዱ አባል «አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነበትን» እርምጃ ይወስዳል እንደሚል ያያል። ጦር ማዝመት ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ከሱ በፊት አንቀጽ 4 የሚባል አለ፤ ተሰብስቦ መመካከር ነው። መመካከር ላይክ አያመጣም። ስለዚህ ባታነሱት አልፈርድባችሁም።

ምስል አመራረጣችሁም የሚደነቅ ነው። አርማ 3 የሚባል የኮምፒውተር ጌም አለ። ከሱ የተቀዳ ቪዲዮ የእውነተኛ ጦርነት ሆኖ ስንት ጊዜ እንደተለቀቀ! የጌሙ ሠሪዎች በ2022 መጨረሻ መረራቸውና የእኛን ጌም ከእውነተኛ ጦርነት የምትለዩት እንዲህ ነው ብለው መግለጫ አወጡ። እስቲ አስቡት፤ ጌም የሚሸጥ ኩባንያ «ኧረ ይህ ጌም ነው» ብሎ ሲለምን። እናንተ ግን «ታማኝ ምንጮች» ነበሯችሁ።

ሜይ 2023 ደግሞ ፔንታጎን አጠገብ ፍንዳታ ደረሰ የሚል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ፎቶ ወጣ። ሰማያዊ ምልክት ያላቸው ገጾች ተቀባበሉት። የአካባቢው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ምንም የለም እስኪሉ ድረስ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ለጥቂት ደቂቃ ወረድ አለ። ድሮ የአንድን አገር ገበያ ለማንቀጥቀጥ ጦር መርከብ ያስፈልግ ነበር። አሁን ጣት በቂ ነው። የጦር መርከብ ወጪ ያስቀራችሁ እናንተ ናችሁ፤ ማን አመሰገናችሁ?

ለእናንተ ሥራ ፈጽሞ የማይሆን አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስታኒስላቭ ፔትሮቭ ይባላል፤ የሶቪየት ሌተና ኮሎኔል ነበር። ሴፕቴምበር 26 ቀን 1983 ሌሊት፣ ከአሜሪካ የሚተኮስ ሚሳይልን በሳተላይት የሚጠብቅ ጣቢያ ውስጥ ተረኛ ነው። ወሩ ክፉ ወር ነው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ሶቪየት የኮሪያን የመንገደኞች አውሮፕላን መትታ 269 ሰው አልቋል። በዚህ መሐል ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አሜሪካ ሚሳይል ተኮሰች አለ ኮምፒውተሩ። ቆየና አራት ጨመረ። አምስት ሚሳይል!

በአማርኛ ለዚህ «ሰበር» ያንሰዋል። ሰውዬው ግን ተቀምጦ ያስባል። ጦርነት የሚጀምር ሰው በአምስት ሚሳይል ብቻ ይጀምራል እንዴ? የምድር ራዳሩስ ለምን ምንም አላየም? አለና ለአለቆቹ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው ብሎ ነገራቸው። እውነትም ሳተላይቱ ደመና ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅ አይቶ ነበር የደነገጠው። ሰውዬው ምን እንዳመለጠው ተመልከቱ። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ላይቭ ቢገባ ስንት ተከታይ ያገኝ ነበር!

በአንድ ነገር ግን በእርግጥ ትበልጡታላችሁ። ፔትሮቭ እንደተናገረው፣ በኋላ የተወቀሰው በዚያ ሰዓት የሆነውን መዝገብ ላይ አልጻፍክም ተብሎ ነው። እናንተ እንዲህ ዓይነት ጉድለት የለባችሁም። የሆነውንም ያልሆነውንም ትጽፋላችሁ።

ስለማታነሱትም ነገር ላመስግናችሁ። አሜሪካና ሩሲያ የተጠመዱ የኑክሌር አረሮቻቸውን እያንዳንዳቸው በ1,550 የገደቡበት ኒው ስታርት የሚባል ስምምነት ነበር። አንዱ የሌላውን ጣቢያ ሄዶ መቁጠሩ በ2020 በኮሮና ቆመ፤ በዚያው ቀረ። የስምምነቱም ዕድሜ ፌብሩዋሪ 2026 ላይ አለቀ። ይህ ቀስት የለውም፣ ፍንዳታ የለውም፣ ሙዚቃ አይሄድለትም። አላደከማችሁንም። ከባሕር በታች ያሉትን ገመዶችም እንዲሁ አለፋችኋቸው። ከአህጉር አህጉር የሚሄደው ኢንተርኔት ከሞላ ጎደል የሚያልፈው በነሱ ነው፤ የእናንተም ላይቭ ጭምር። ገመዱ የተቆረጠ ቀን ምናልባት ትዘግቡት ይሆናል። በምን እንደሆነ እንጃ።

«ትንቢታቸው አንድም ቀን አልሠራም» የሚሏችሁን አትስሟቸው። በየሳምንቱ ጦርነት የሚያውጅ ሰው አንድ ቀን ቢሳካለት «አላልኩም ነበር?» ለማለት ዝግጁ ነው። በርግጥ ያን ቀን የሚያነብ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል። ግን ስክሪንሹቱ ይኖራል።

ለማንኛውም አንድ ልመና አለችኝ። ሐኪሙ አራተኛ ቀጠሮ ሰጥቶኛል፣ ሐሙስ ጠዋት። ጥርሱ ብሶበታል፤ ይነቀላል ተብሏል፤ እኔ ደግሞ መርፌ እፈራለሁ። ረቡዕ ማታ ጣል የምታደርጉት ነገር ካለ፣ አደራ።