ላይብረሪያን መጽሐፍ ጠባቂ ብቻ አይደለም

ሰላም የደሴ ልጆች። «ላይብረሪያንነት መጽሐፍ መጠበቅ ነው፤ ትምህርትም አይፈልግ፣ እድገትም የለው» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። ልክ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘርፉን ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል።

እስቲ አቅራቢያችሁ ወዳለ ቤተ መጻሕፍት ጎራ በሉና መጽሐፉ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት እዩ። በዴዊ አመዳደብ (መጻሕፍትን በይዘታቸው በቁጥር የሚለይ ሥርዓት ነው) 963 ካለ የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። ያቺን ቁጥር የሚሰጠው መጽሐፉን አገላብጦ ይዘቱን የለየ ባለሙያ ነው። ይኸው ሙያ አርካይቭ (የቆዩ ሰነዶች ማከማቻ)፣ ዳታቤዝና የምርምር መረጃ ሥራ ላይም ያስገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ይህን ወሬ አምኖ ዘርፉን ከምርጫው እንዳይሰርዘው ነው። ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ጠይቃችሁ እዩ።