መኪናው መጀመሪያ ለቤቱ ይድረስ

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ የቆሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ማታ ማታ ከባትሪያቸው ወደ አገሪቱ የመብራት መስመር ኃይል ይመልሱ ይላል። ፀሐይና ነፋስ ላይ ለተንጠለጠለ አገር ሸጋ ሐሳብ ነው። እኛ ግን የኃይል ማጠራቀሚያ አላጣንም። ባሕር ዳር ጣና ደጃችን ነው። ውሃው በዋሻ ወርዶ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን የበለስ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ያዞራል። ሲፈለግ ይለቀቃል፣ ሳይፈለግ ይቆያል። ከዚህ የበለጠ ምን ባትሪ አለ? በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ኃይል አንሶ ሳይሆን ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይ ክረምት ላይ ነፋስ ሽቦ ሲበጥስ ነው።

ለቤት ከሆነ ግን እስማማለሁ። ዕቃ የሚሰካበት ሶኬት ያላቸው መኪኖች አሉ፤ 3.3 ኪሎ ዋት የሚሰጡ ለምሳሌ። ለፍሪጅ፣ ለአምፖልና ለዋይፋይ ይተርፋል። ምጣድ ላይ ግን ይቸገራል፤ ብቻውን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ ሞልቷል። ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መብራት የጠፋባት እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው ደግሞ ስለ ምጣዱ ነው!

አደራ፣ ከመኪናው የመጣውን ገመድ የግድግዳ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ። ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ይወጣና ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከውጭው መስመር ነጥሎ ወደ መኪናው የሚያዞር ማብሪያ ማጥፊያ) የሚገጥም ኤሌክትሪሺያን አስመጡ።