ቱሉ ዲምቱ በርሊንን አስከነዳች

የበርሊን ሰዎች ያሳዝኑኛል። ብረት ከብረት የሚፋጭበት፣ ደረት የሚደልቅ ሙዚቃ አማራቸውና መጨፈሪያ ቦታ ፍለጋ ያልገቡበት ጉድጓድ የለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ትሬዞር የተባለውን ክለባቸውን ሲከፍቱ ያገኙት ቦታ የአንድ ጥንታዊ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት፣ ያውም የገንዘብ ካዝናው ነበር። በኋላ እሱንም ለቀው አሮጌ የኃይል ማመንጫ ውስጥ ገቡ። ዓለም የሚሰለፍለት ቤርግሃይንም በ2004 የተከፈተው እንደዚሁ ሥራ ባቆመ ማመንጫ ውስጥ ነው። እስቲ ድካማቸውን አስቡት፦ ፋብሪካው እስኪዘጋ መጠበቅ፣ ሠራተኛው እስኪበተን መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ የፋብሪካ ጩኸት በኤሌክትሮኒክስ እንደ አዲስ መፈብረክ! እኛ ከቃሊቲ ማዶ ቱሉ ዲምቱ ላይ ኮንዶሚኒየም የደረሰን ሰዎች ግን ፈጣሪ ይመስገን፣ ፋብሪካው ከነነፍሱ መኝታ ቤታችን ሥር አለ።

ሙዚቃውን ኢንዱስትሪያል ቴክኖ ይሉታል። በአንድ በኩል የመኪና ፋብሪካዎቿ እየተዘጉ በነበረችው የአሜሪካ ከተማ ዲትሮይት እነ ሁዋን አትኪንስ በ1980ዎቹ በከበሮ ማሽን የጀመሩት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በ1976 ለንደን ላይ ኢንዱስትሪያል ሪከርድስ የተባለውን ሙዚቃ አሳታሚ ያቋቋመው የስሮቢንግ ግሪስል ባንድ ጩኸት አለበት። ግጥም አትጠብቁ፤ ዜማም ቢሆን እምብዛም ነው። በደቂቃ ከ130 እስከ 150 የሚደርስ አንድ ዓይነት ዱብ ዱብታ ብቻ! ሸክላውን ሲያሳትሙት እንኳ ባለ 12 ኢንቹ አንድ ፊት ላይ አንድ ሁለት ሥራ ብቻ ነው የሚያሰፍሩት፤ መርፌው የሚሄድባት መስመር ሰፋ ስትል ባሱ ይወፍራላቸዋል። በርሊን ውስጥ ደግሞ አይንሽቱርትሰንደ ኖይባውተን የሚባሉ ሰዎች ከ1980 ጀምሮ ቁርጥራጭ ብረትና ድሪል መድረክ ላይ አውጥተው እያንኳኩ ኖረዋል። ለዚህ ቲኬት ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። ቁራሌው ይህን ቢሰማ ስንት ዘመን በነፃ ሲያሳየን እንደኖረ ገብቶት በቁጭት ይሞታል።

የእኛ አንደኛ አርቲስት ከብሎካችን ግራውንድ ላይ ያለው ብረታ ብረት ቤት ነው። ልጆቹ በርና መስኮት የሚሠሩ የሚመስለው ሰው ካለ ጆሮ የለውም። ግራይንደሩ ብረቱ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ በቀጭኑ ያፏጫል። ዲስኩ መብላት ሲጀምር ድምፁ ይጎረንናል። ሊቆርጠው ጥቂት ሲቀረው መልሶ ይቀጥንና ቁራጩ ሲሚንቶው ላይ ቃ! ይላል። ለዚህች ለአንዲት ቃ የበርሊን ዲጄ ስንት ሌሊት ስቱዲዮ ያድራል። እኛ ጥርሳችንን እየፋቅን እንሰማታለን። ከማዶ ያለው የብሎኬት ማሽን ደግሞ ከታች ባሱን ይይዝለታል፤ እሱን በጆሮ ሳይሆን በብርጭቆ መደርደሪያው ነው የምትሰሙት።

ግሮሰሪውን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ቴክኖ ሠሪዎች ድምፁ እንዲሻክርላቸው ለዚያው ብቻ የተሠራ መሣሪያ በዶላር ይገዛሉ፤ ሥራው ድምፁን መሸከም ከሚችለው በላይ አስጨንቆ መሰንጠቅ ነው። የግሮሰሪያችን ባለቤት ይህን ጥበብ ያለ አስተማሪ ደርሶበታል። ሞንታርቦውን ወደ ሕንፃው አዞረና ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። የስፒከሩ ወረቀት ከተቀደደ ቆይቷል፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚዘፍን መለየት የቀረውም ያኔ ነው። ዘር ሳይል ሃይማኖት ሳይል ሁሉንም እኩል አደረገልን።

ቴክኖ የሚያዘወትር ሰው የሚሞትላት አንዲት ቅጽበት አለች። ዲጄው ድንገት ዱብ ዱብታውን ያወጣዋል፤ ሕዝቡ ጨለማው ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ ምቱ ሲመለስ ጣሪያው እስኪነቀል ይጮኻል። ብሬክ ይሏታል። እኛ ጋ ብሬኩን የሚሠራልን መብራት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እልም ይላል። ግራይንደሩ ብረቱን እንደነከሰ ይቆማል፣ ሞንታርቦው ዘፈኑን ግማሹ ላይ ይውጠዋል፣ ከግራውንድ እስከ አራተኛ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ ይጎረጉራል። የሆነ ቤት ሕፃን እንቅልፍ ይወስደዋል። ይሄን ጊዜ ነው አራት ሰዓት ሊሆን ሲል የፍሪጁ ስታቢላይዘር ቀጭ የሚለው። «መጣ!» ይላሉ ልጆች ከየበረንዳው፤ እልልታው፣ ፉጨቱ! ቤርግሃይን እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቶ አያውቅም። ብረታ ብረት ቤቱም የባከነበትን ሰዓት ለማካካስ እስከ ሌሊቱ ሰባት ይዘልቃል። የጠፋውን ጊዜ እንዲህ በታማኝነት የሚመልስ ሌላ ተቋም በዚህ አገር አላውቅም።

በርሊኖቹ በር ላይ ሰው ይመርጣሉ። በብርድ ሰዓታት የተሰለፈውን ሰው በረኛው ከላይ እስከ ታች አይቶት ራሱን ይነቀንቅና ይመልሰዋል። እኛ ማንንም አንመልስም። አራሷም፣ ነገ ማትሪክ ተፈታኙም፣ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰችው ነርስም፣ ሁሉም አልጋው ላይ ሆኖ ገብቷል። መውጣት ነው እንጂ መግባት ችግር የለም። ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ2018 የበርሊን አስተዳደር ክለቦች ድምፃቸው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ግድግዳቸውን የሚያድሱበት አንድ ሚሊዮን ዩሮ መድቦላቸዋል። አይ ስስት! ድምፁን ብቻቸውን ሊበሉት።

እርግጥ ነው፣ ደስታችንን የማይወዱ ሰዎች በእኛም አገር አልጠፉም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚባል አለ፤ ከእሱ ተከትሎ የወጣው ደረጃ ደግሞ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ድምፅ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል አይለፍ ይላል። ግራይንደር አጠገቡ ላለ ሰው ከ90 በላይ ነው። ዴሲቤል በ10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ እንደሚሆን የሚያውቅ ያስላው። እኔ የማውቀው ሕጉን የጻፈው ሰው ጭፈራ እንደማይወድ ነው።

በቀደም አንዲት እናት፣ ልጃቸው አራስ የሆነችባቸው፣ ነጠላቸውን ደርበው ወረዱ። «ልጆቼ፣ እባካችሁ፣ አራስ ቤት አለ» አሉ። ልጁ ግራይንደሩን ሳያጠፋ፣ «እማማ፣ መብራት አለ ብለን ነው፤ ነገ ላይኖር ይችላል!» አላቸው። «ምን አልከኝ?» «መብራት!» ወደ ግሮሰሪው ዞሩ። ባለቤቱ ደግሞ በአክብሮት ወንበር ሳበላቸውና፣ «ማዘር፣ ይሄ ሁሉ ሰው ምንም ሳይል እርስዎን ብቻ ረበሸዎት?» አላቸው። ሰው በእርግጥም ምንም አላለም። በየፎቁ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ በአድናቆት እየተከታተለ ነበር። ዳንስ ቤት ውስጥ ሙዚቃ ይቀነስ የሚል ሰው ሲመጣ ታዳሚ ማድረግ ያለበትም ይህንኑ ነው።

ጀርመን በ2024 የበርሊንን ቴክኖ ከብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶቿ መዝገብ አስገብታዋለች። እኛም የሚመዘግበን አናጣም ነበር። የእማማ አቤቱታ ከብዙ ምልልስ በኋላ ፍሬ አፍርቶ ከሚመለከተው ቢሮ አንድ ባለሙያ ተልኮ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ሞተሩን አቁሞ፣ ደብተሩን አውጥቶ፣ ብረታ ብረት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ጣለ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በቆሎ ይግጣሉ። ግሮሰሪው ውስጥ ሻማ በርቷል። «በተባለው ቦታ ድምፅ አልተገኘም» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመበት፣ እማማንም አስፈረመና ሄደ። ብሬክ ላይ ነው የደረሰው።