ቱቦ ማን ይመርቃል?

ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውሃ ቦርከና ወንዝ ለመግባት በሰው ደጅ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለች ከተማ ከሁሉ አስቀድማ ለፍሳሽ መውረጃ ትበጅታለች ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የበጀት ጥበብ አልገባውም ማለት ነው። ቱቦ እኮ መሬት ውስጥ የሚቀበር ነገር ነው! ሪባኑ ምኑ ላይ ይታሰራል? ካሜራውስ ምኑን ይቅረጽ?

ይህን ቀድመው የተረዱ ሹማምንት ሊመሰገኑ ይገባል። አደባባይ፣ ፏፏቴ፣ ባለ ቀለም መብራት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጥቁርና ነጭ የሚቀባ የመንገድ ጠርዝ፤ ሁሉም ከመኪና ሳይወርዱ የሚታዩ ናቸው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያግዛቸዋል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር ዝናቡም አብሮ ይጀምራል፤ እስከ መስከረም ቁፋሮ የለም። ከዚያ ዲዛይን፣ የጨረታ ሰነድ፣ ማስታወቂያ፣ ሳጥን መክፈት፣ ቅሬታ መስማት ሲባል ውሉ ጥር ላይ ይፈረማል። ተቋራጩ ቅድመ ክፍያውን ተቀብሎ ሲሚንቶ ሲያፈላልግ ሚያዝያ ይገባል። ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል፤ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ ነው፣ ያልጨረሰ መሥሪያ ቤትም ለከርሞ ይቀነስበታል። በሰኔ የመጨረሻ ሁለት ሳምንት ቦይ አይገነባም፤ ወንበር፣ ቶነርና ጎማ መግዛት፣ አዳራሽ ተከራይቶ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ግን ይቻላል። ሪፖርቱም «አመርቂ አፈጻጸም» ይላል፤ ውሸት የለበትም፣ ገንዘቡ አልቋል።

ኮብልስቶንማ የጥበቡ ቁንጮ ነው። ደንቡ፣ መጀመሪያ የውሃና የፍሳሽ መስመር ይቀበራል። አፈሩ ተጠቅጥቆ ገረጋንቲ ይነጠፋል፣ ጠርዙ ይተከላል፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሸዋ ላይ ድንጋዩ ወደ ቦዩ ጋደል ብሎ ይደረደራል። እኛ ግን ጊዜ ቆጣቢዎች ነን፤ ከመጨረሻው እንጀምራለን። ነዋሪው ያዋጣበት መንገድ በተመረቀ በወሩ የቧንቧ ሠራተኞች መጥተው መሃሉን ይሰነጥቁታል፣ አፈሩን በአካፋ መልሰው ሳይጠቀጥቁት ይሄዳሉ። ሐምሌ ላይ መስመሩ ይሰምጣል፣ ጎርፉ አሸዋውን ከሥር ያጥበዋል፣ ድንጋዩም እንደ ሕፃን ጥርስ ይነቃነቃል። አብሽሩ፤ «ጥገና» ከተባለ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈውን መደበኛ በጀት መጠበቅ ነው። «ማስፋፊያ» ከተባለ ግን ለግንባታ የሚመደብ ካፒታል በጀት አለው፣ ዳግም ምርቃትም ያስከትላል።

የዓለም ባንክ ይህ አልገባውም። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ 117 ከተሞችን ባቀፈው ፕሮግራሙ፣ ገንዘብ የሚሰጠው በውጤት እየለካ ሆኖ የንብረት ጥገና ዕቅድም ይጠይቅ ነበር። ዕቅድ መጻፍ ማንን ይቸግራል?

ቦይ አይጠረግም ብሎ የሚያማም አለ። ሐሰት! ግንቦት ላይ ዘመቻ ይታወጃል፤ ኮፍያው ይታደላል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ደለሉና ፌስታሉ ተዝቆ ቦዩ አፋፍ ላይ ይከመራል። የሚያነሳው መኪና በዕቅዱ ስላልተያዘ እዚያው ይከርማል። የሐምሌ የመጀመሪያው ዝናብ ያለ ምንም የጉልበት ወጪ ወደ ቦዩ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የሆጤና የሸዋ በር ሰፈር ልጆች፣ ለቱቦ ማመልከቻ ይዛችሁ አትመላለሱ። አዋጡና የእብነ በረድ ሰሌዳ አስቀርጹ፤ «ይህ ቱቦ በክቡር» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት፤ ሹም ይቀየራል።