ኮከባችን አልገጠመም

ይድረስ ለ * ምልክት፣
አድራሻ፦ ኪቦርድ ላይ፣ ከስምንት ቁጥር አናት

እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ንዴት በቀር ደህና ነኝ። ጅማ ዝናቡን አላቋረጠም፣ መብራትም ዛሬ አለ፣ ስለዚህ የማሳብብበት አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ።

ሥራዬን ታውቃለህ። የሠርግ ፎቶ አነሳለሁ፣ አትማለሁ። የማልችለው የፋይል ስም ነው። ግማሹ ጄፔግ ተብሎ ይመጣል፣ ግማሹ ጄፒጂ፤ ምስሉ ያው ነው፣ ልዩነቱ አንዲት ፊደል። በዊንዶውስ ዘመን «ማንኛውም ስም» ለማለት አንተን ስጽፍ እኔና አንተ ሰላም ነበርን። «ሬን፣ ኮከብ ነጥብ ጄፔግ፣ ኮከብ ነጥብ ጄፒጂ» ስል ሦስት መቶ ፎቶ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ስሙን ለውጦ ይጠብቀኝ ነበር። ከዚያ ሊኑክስ ጫንኩ። እዚያም ያው ኮከብ ነህ ብዬ ነዋ! ሬንን በሊኑክሱ ስም መለወጫ ትእዛዝ፣ በኤምቪ፣ ተካሁና ያንኑ ጻፍኩ።

ፎልደሩ ውስጥ ለማጉላት የለየኋቸው ሁለት ፎቶዎች ነበሩ። አንዱ ጄፔግ፦ ሙሽሮቹ ጅሬን ላይ፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት። ሌላው ጄፒጂ፦ የሙሽራዋ አክስት፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስንት ተለምነው የሳቁባት።

ኢንተር መታሁ። ጭጭ። ስህተት የለ፣ ጥያቄ የለ። ደስ አለኝ። ፎልደሩን ስከፍተው አንድ ፋይል ብቻ፣ ስሙ «አክስት»። ከፈትኩት። ሙሽሮቹ ሳቁብኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ኤምቪን ስረግም ከረምኩ። ለካ እሱ ምስኪን አንተን አይቶህም አያውቅም! ሊኑክስ ላይ ሼሉ (የምጽፈውን ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ነው አስቀድሞ አንተን አንስቶ በቦታህ የገጠሙትን የፋይል ስሞች የሚደረድረው። ኤምቪ ጋ የደረሰው «ሙሽሮችን አክስት በላቸው» የሚል ትእዛዝ ነው፤ እሱም እሳቸውን ደፍጥጦ ሙሽሮቹን በስማቸው ተካ። ዊንዶውስ ላይ አንተን የሚያነብህ ራሱ ሬን ስለነበር ነው የተግባባነው። አጅሬ፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ከስፍራው የለህም! የቆየ አመልህ ነው ደግሞ፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዩኒክስ ላይ አንተን የሚዘረዝር ግሎብ የሚባል ለብቻው ፕሮግራም ነበረ። ያኔም ሥራህን በሰው ነበር የምታሠራው።

አንድ ጄፔግ ብቻ ያለበት ፎልደር ላይ ደግሞ ሞከርኩህ (አዎ፣ አልማርም)። የሚገጥምህ ጄፒጂ ስታጣ ራስህ ስም ሆነህ ቁጭ አልክ፤ ፋይሉ «ኮከብ ነጥብ ጄፒጂ» ተባለ። በዚያ ስም አጥፋው ብል፣ በኋላ እዚያ የጨመርኩትን ጄፒጂ ሁሉ ይዘህ ልትጠፋ ነው። በጥቅስ ምልክት አስሬህ ነው የገላገልኩት።

የሰፈር ተማሪ ልጅ ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ከፊቱ ኤኮ ብለው ይጻፉ፣ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያሳይዎታል። ኤምቪንም ሰረዝ አይ ይበሉት፣ ከመደፍጠጡ በፊት ይጠይቅዎታል» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የካሜራው ካርድ? ፎርማት አድርጌዋለሁ፣ በገዛ እጄ። እሱን አታንሳብኝ።

አክስትየው ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ፎቷቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ። ፍሬሙን እንኳ ራሳቸው ገዝተዋል። በር ላይ አንተ ቁምና «እትዬ፣ ኮከብዎ አልገጠመም» በላቸው።