ጆ ጃክሰን ከእንግዲህ አያሰጋም ተባለ

የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ኮሚሽነር ሮብ ማንፍሬድ እ.ኤ.አ በሜይ 2025 የዕድሜ ልክ እገዳ በሞት ያበቃል ብሎ ወሰነ። በቤዝቦል ተወራርዶ የታገደው ፒት ሮዝና በ1919 ለመሸነፍ ከቁማርተኞች ጋር ተሻርካችኋል ተብለው ከታገዱት የቺካጎ ተጫዋቾች አንዱ “ሹለስ” (ጫማ አልባው) ጆ ጃክሰን ከታገዱት መዝገብ ተፋቁ። ምክንያቱ? በሕይወት የሌለ ሰው የጨዋታውን ንጽሕና ሊያሰጋ አይችልም።

እንዴ! ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ዘመን ይፈጃል? ጃክሰን የሞተው በ1951 ነው። በኮሚሽነሩ ሒሳብ ከሄድን ሰውየው ከ73 ዓመት በላይ ማንንም አላሰጋም። ታዲያ መዝገቡ ላይ ምን ሲሠራ ቆየ? ነገሩ ግልጽ ነው። ሮዝ በሴፕቴምበር 2024 ሞተ፤ ትራምፕም ጮኸለት፤ በሩ ተከፈተ። ጃክሰን ሾልኮ የወጣው በሮዝ ጥላ ሥር ነው።

ከእገዳው በኋላ የተነሳው አሮጌ ፎቶ አለ። ግሪንቪል፣ ሳውዝ ካሮላይና፤ መጠጥ መሸጫ ሱቁ ውስጥ። ዕድሜው ገፍቷል፤ ባንኮኒው ጋ ቆሟል። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ሰው ጨዋታውን በምን ነበር የሚያሰጋው? ውስኪ እየሸጠ? ማንበብና መጻፍ እንኳ አይችልም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሚስቱ ኬቲ ነበረች የምትፈርምለት። ምሕረት ከተባለ ጊዜው ያኔ ነበር። ደብዳቤው ሱቁ ይደርሳል፣ ኬቲ ታነብለታለች፣ እሱም በጆሮው ይሰማል። ሊጉ ግን እስኪሞት ጠበቀ። ከሞተም በኋላ ጠበቀ። ሚስቱም እስክትሞት ጠበቀ። አሁን የሰጡት ነገር ሰባራ ሳንቲም አያስወጣቸውም። ጃክሰን ካሳ አይጠይቅ፣ ዓይናቸውን አያይ፣ “ለምን?” አይላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

የቁማርተኞቹን ገንዘብ ተቀብሏል፣ አልክድም። ከተገባለት 20 ሺህ ዶላር 5 ሺው እጁ ገብቷል። ግን በ1919ኙ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በፍጻሜው ውድድር፣ ከ32 ሙከራ 12ቱን አሳክቶ መታ። በዚያ ውድድር የተመታው ብቸኛ ሆም ረንም (ኳሱን ከሜዳ ውጭ የሚጥል ምት) የእሱ ነው። ጨዋታ የሸጠ ሰው እንዲህ አይጫወትም። አለቀ። በ1921 የቺካጎው ፍርድ ቤት ሸንጎ እሱንና ጓደኞቹን ነጻ ብሏቸው፣ በማግስቱ የያኔው ኮሚሽነር ላንዲስ ስምንቱን ተጫዋቾች ጠራርጎ አባረረ። ከስምንቱ አንዱ ባክ ዊቨር እንኳ አልተረፈም። እሱ እኮ ሴራውን እያወቀ ዝም አለ እንጂ ገንዘብ አልነካም!

ማንፍሬድ ደግሞ ዕድሜ ልክ ከሚዘልቅ ቅጣት የበለጠ የሚያስፈራ የለም ይለናል። የሚያስፈራራውን እዩት! ሊጉ ራሱ በ2018 ከቁማር ኩባንያ ጋር በይፋ ተሻርኳል። ተጫዋች ውርርድ ሲያስይዝ ነውር፣ ሊጉ ሲያስተዋውቅ ቢዝነስ። (አዎ፣ ተጫዋች በራሱ ጨዋታ ላይ ማስያዙ ሌላ ነገር ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን። ግን በየኢኒንጉ (በየጨዋታው ዙር) የውርርድ ማስታወቂያ የሚያሳይ ሊግ ስለ ንጽሕና ሲሰብክ እኔ አልሰማም።)

አሁን ጉዳዩ የቤዝቦል ታላላቆች ወደሚከበሩበት ዝና አዳራሽ ኮሚቴ ሄዷል። ስብሰባው በዲሴምበር 2027 ነው። ለመግባት ከ16 ድምፅ 12 ያስፈልጋል። ጃክሰንን ቢመርጡት ደስ ይለኛል። ኮሚሽነሩ ግን ያን ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ቸርነቱ እንዳያወራልን።