ኑሩልን፣ ክቡራን የቦርድ አባላት

ሰው ሁሉ ሜንተሮችን ሲያመሰግን ይውላል። ከሥራ መልስ ደክሞት፣ የማያውቀው ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ክፍልፋይ የሚያስረዳውን በጎ ፈቃደኛ ማለቴ ነው። ይመስገን፣ አይከፋኝም። ግን ከበላዩ ሆነው፣ ልጆችን ከሜንተር ጋር የሚያገናኘውን ድርጅት የሚመሩት የቦርድ አባላትስ? እነሱን ማን አመሰገነ? ራሳቸው ናቸው፣ በዓመታዊ ሪፖርቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ። ራስን በራስ ማመስገን ደግሞ አድካሚ ነው። ዛሬ ላግዛቸው ብዬ ተነሥቻለሁ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የበጎ አድራጎት ድርጅት ቦርድ ባለአደራ ነው። ገንዘቡ የሱ አይደለም። ልጆቹም የሱ አይደሉም። ሁለቱንም በአደራ ይዞ፣ ድርጅቱ ከተቋቋመበት ዓላማ እንዳይወጣ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃል፣ ሂሳቡን ይመረምራል፣ ልጆቹ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ይቆጣጠራል። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ደሞዝ ነው። ብልሆቹ ባለአደራዎቻችን ነገሩን አመጣጥነውታል። ደሞዝ የለም፣ ሥራም የለም።

ጥበቡ ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በጥንቱ የግሪክ ተረት ኦዲሴዎስ ወደ ትሮይ ጦርነት ሲዘምት ቤቱን ለወዳጁ ለሜንተር አደራ ሰጠ። የተመለሰው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። እስኪመለስ ድረስ ሚስቱን ለማግባት የተሰበሰቡ ከመቶ በላይ ጎረምሶች ከብቱን እያረዱ፣ ወይኑን እየጠጡ ቤቱን ባዶ ሊያስቀሩት ደርሰው ነበር። ባለአደራው ሜንተር ምን አደረገ? ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ጥሩ ንግግር አደረገ። ስብሰባው ተበተነ። የኦዲሴዎስን ልጅ ቴሌማከስን መንገድ ያሳየችው በሜንተር መልክ የመጣችው አምላኳ አቴና ናት። “ሜንተር” የሚለው ስም ግን የሱ ሆኖ ቀረ። የቦርድ አባላት ሁሉ ቅድመ አያት ብንለው ያንሰዋል?

የልጅ ልጆቹ ግን ከሱም ይልቃሉ። ስብሰባቸውን ያላየ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አያውቅም። ሰነዱ ከሳምንት በፊት ተልኳል። የኛ ባለአደራ ግን ፋይሉን የሚከፍተው ወንበሩ ላይ ከተደላደለ በኋላ ነው። ትኩስ ትኩሱን ማንበብ ይወዳል። ገለጥ ገለጥ ያደርግና “ሰነዱ በጥሩ ሁኔታ ተዘጋጅቷል፣ ሆኖም ጥልቀት ይጎድለዋል” ይላል። ይህ አስተያየት የማይሠራበት ሰነድ እስካሁን በምድር ላይ አልተጻፈም። ቀጣዩ ተናጋሪ “የቀደሙኝ ተናጋሪ ያሉትን እየደገፍኩ” ብሎ ይጀምርና ያሉትን ሁሉ ይደግመዋል። ሦስተኛው “ጊዜ ላለማባከን ያህል” ይልና ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አንዱ አባል ከበር ውጪ ስልክ እያወራ ነው። ለምልዓተ ጉባኤ ግን ይቆጠራል፣ ኮቱ ወንበሩ ላይ አለ።

አንደኛው አጀንዳ የአርማው ቀለም ነው። አርማው ላይ ትልቅ እጅ ትንሽ እጅ ይዟል። ትልቁ እጅ ከፍ ይበል ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? ሰማያዊው ይድመቅ? ቀኑ እዚህ ላይ ያልቃል። የልጆች ደኅንነት ፖሊሲ የመጨረሻው አጀንዳ ስለሆነ፣ ሁሉም ቁልፉን ይዞ ከተነሣ በኋላ ይቀርባል። አስተባባሪዋ ቶሎ ቶሎ ታስረዳለች። አዲስ ሜንተር ከልጅ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ማንነቱ ይጣራ፣ የሚያውቁት ሰዎች ይጠየቁ፣ የወንጀል ሪከርዱ ይታይ ትላለች። ሰብሳቢው ይከፋቸዋል። “ልጄ፣ በነጻ ላገልግል ብሎ የመጣን ሰው እንደ ሌባ እንፈትሸው?”

ደግነታቸው ልብ ይነካል። ልጅ ሊጎዳ ያሰበ ሰውም የሚመጣው በነጻ ላገልግል ብሎ፣ ያውም ፈገግ ብሎ መሆኑን ማን ይንገራቸው? “ይታሰብበት” ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ። ማን እንደሚያስብበት አልተጻፈም።

ቁጥር ላይ ግን ወደር የላቸውም። “ዘንድሮ ስንት ልጅ ከሜንተር ጋር አገናኘን?” ብለው ይጠይቃሉ። ቁጥሩ ካምናው ከበለጠ ይጨበጨባል። “ካምናዎቹስ ስንቶቹ ዛሬም አብረው ናቸው?” የሚል አባል ግን አይገኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ እንደማውራት ነው። ጨዋ ሰው አያነሣውም።

መቼም ጥናት አያነቡም ብላችሁ አትሟቸው። ያነባሉ፣ እስከሚጥማቸው ድረስ። አሜሪካ ውስጥ ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ በሚባለው አንጋፋ የሜንተሪንግ ድርጅት ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ጥናት በቃላቸው ይዘውታል። ጥናቱ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 959 ልጆችን ተከታተለ። ልጆቹ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ ወዲያው ሜንተር አገኙ፣ ግማሾቹ ወረፋ ጠበቁ። ከ18 ወር በኋላ ሲታይ፣ ሜንተር ያገኙት ልጆች ዕፅ የመጀመር ዕድላቸው ካላገኙት በ46 በመቶ ያነሰ ነበር። ከትምህርት ቤት የቀሩባቸው ቀናትም ግማሽ ያህል ብቻ ነበሩ። ደስ የሚል ውጤት ነው። 46ቷ ወዲያው ተነቅላ ባነር ላይ ወጣች። ውጤቱ የሌላ ድርጅት መሆኑን ለመጻፍ ግን ባነሩ ጠበበ።

ያንኑ መረጃ ግሮስማንና ሮድስ የተባሉ ተመራማሪዎች እንደገና አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ሌላ ነገር ጻፉ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ከሜንተራቸው ጋር ዓመትና ከዚያ በላይ በቆዩት ልጆች ላይ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ የተቋረጠባቸውስ? ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ወረደ። ትምህርት እችላለሁ የሚለው ስሜታቸውም አብሮ ወረደ። ሜንተር አገኘንልህ ብሎ በሁለተኛው ወር መጥፋት፣ ጭራሽ ካለመምጣት ሊብስ ይችላል ማለት ነው። ልጁ “ሥራ በዝቶበት ይሆናል” ብሎ አያልፈውም። “እኔ ምን አድርጌው ነው?” ይላል። (እዚህ ላይ ሽሙጡ ትንሽ ጠፋብኝ። ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ።) ይህኛው ጥናት ባነር ላይ አልወጣም። ሦስት ወር ያልቆዩትም “ከሜንተር ጋር የተገናኙ” በሚለው ድምር ውስጥ በክብር ተቆጥረዋል።

በዚያው ዓመት ዱቦይስና ባልደረቦቹ 55 የሜንተሪንግ ግምገማዎችን አንድ ላይ አድርገው አዩ። አማካይ ውጤቱ መጠነኛ ነው አሉ። ከፍ የሚለው ሜንተሮች ሥራ ከጀመሩ በኋላም ሥልጠና ሲያገኙ፣ ከልጁ ጋር የሚያደርጉት ነገር መልክ ሲይዝ፣ ወላጅ ሲሳተፍ ነው። ቦርዳችን በጀት ሲጠበው ታዲያ መጀመሪያ የሚቆርጠው ምንድን ነው? የሜንተሮችን ሥልጠና። የስትራቴጂክ ዕቅዱ ወርክሾፕ ግን አይነካም። እንዴት ይነካ? ቦርዱ ራሱ የሚገኝበት ሥልጠና እሱ ብቻ ነው።

ገንዘብ ላይ ደግሞ መተማመን ሰፍኗል። የሂሳብ ሪፖርት ሲቀርብ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ያያል። ያልገባው ሰው አይጠይቅም፣ እንዳይታወቅበት። የገባው ሰው ደግሞ የለም። ስለዚህ ስብሰባው ሰላም ነው። የቲሸርቱ ሕትመት ለአንዱ አባል የሚስት ወንድም ተሰጠ። የጥቅም ግጭት አይሆንም ወይ ቢባሉ፣ ጥቅሙ አለ፣ ግጭት ግን አላየንም፣ ሁላችንም ተስማምተናል አሉ።

እንግሊዝ አገር ኪድስ ካምፓኒ የሚባል ችግረኛ ልጆችን የሚደግፍ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቁሞ በ2015 ተዘጋ። የቦርድ አባላቱ የኩባንያ ኃላፊ እንዳይሆኑ ይታገዱ ተብሎ የቀረበውን አቤቱታ ፍርድ ቤት በ2021 ውድቅ አደረገው። ዳኛዋ ጊዜያቸውን ሳይሰስቱ የሰጡ ሰዎች መሆናቸውን መሰከሩላቸው። ተገቢ ነው። በነጻ ያገለገለን ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት የምንጎትት ከሆነ ነገ ቦርድ የሚገባ አይገኝም። የኛዎቹም ዜናውን ሲሰሙ “አላልንም?” ብለው እፎይ አሉ። በቀጣዩ ዓመት የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያወጣውን ሪፖርት ግን አልከፈቱትም። እዚያ ላይ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ ማነስ ተጽፏል። የሚከፈላቸውን ሰዎች በጊዜ አለመክፈልም የአስተዳደር ጉድለት ተብሏል። መጠባበቂያ ስንት አላችሁ ብትሏቸው፣ “እግዚአብሔር አለ” ይሏችኋል። አለ፣ ልክ ነው። ፈራሚ አይደለም እንጂ።

ልጆቹን ይረሷቸዋል ማለት ግን ሐሜት ነው። በዓመት አንዴ ያገኟቸዋል፣ ፎቶግራፍ አንሺ ባለበት። ሰብሳቢው አንዱን ልጅ ትከሻውን ያዝ አድርገው “ጎበዝ! ስንተኛ ክፍል ነህ?” ይላሉ። ልጁ አፉን ሲከፍት እሳቸው ካሜራው ጋ ናቸው። ፎቶው ከልጁ ስምና ከቤተሰቡ ችግር ጋር ይለጠፋል። እናቱ ፎቶውን ያየችው ጎረቤት አሳይቷት ነው።

የድርጅቱ መፈክር “ተተኪ እናፍራ” ይላል። ሰብሳቢው ዘንድሮ ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ፣ ተተኪ ስለጠፋ። “እኔማ ልልቀቅ ብዬ ነበር፣ እናንተ ናችሁ የያዛችሁኝ” ይላሉ። የያዛቸው እጅ ለማንም አልታየም። አስተባባሪዋ ግን ደፍራ አንድ ሐሳብ አቀረበች። በልጅነቱ በዚሁ ድርጅት ያለፈ፣ ዛሬ ተመርቆ ሥራ የያዘ ወጣት አለ። ሜንተር ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቃል፣ ሁለት ጊዜ ጠፍቶበታል። ቦርድ ውስጥ ቢገባስ?

ዝም ተባለ።

“ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ገና ልምድ ይጎድለዋል” አሉ ምክትሉ።

“እውነት ነው። መጀመሪያ የቦርድ ሥራ የሚያለማምደው ሰው ያስፈልገዋል” አሉ አንዲት እመቤት።

“እንግዲያው ሜንተር ይመደብለት!” አሉ ሰብሳቢው። ተጨበጨበ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አስተባባሪዋ እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። “ከመካከላችሁ ማን ብዬ ልመዝግብ?” አለች።

የሁሉም ስልክ ባንዴ ጠራ።